የባትሪ አውቶቡስና የኮልፌ ዳገት



የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች፣ ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዓለም ባንክ፣ ከካራ ቆሬ ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታክሲ ተጋፍቶ ስለ አውቶቡስ ሊሰማ የመጣ ሰው ንግግር እንዲረዝምበት አይፈልግም፤ ስለዚህ መልሴን ከጥያቄው ጋር አብሬ ላስቀምጠው። ጥያቄው፣ በባትሪ የሚሄድ አውቶቡስ ለከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት መስመር ይሆናል ወይ የሚል ነው። መልሴ፣ ለአብዛኞቹ የኮልፌ መስመሮች ይሆናል፤ ከናፍጣውም ይሻላል። ነገር ግን መስመሩ ሳይጠና፣ ዴፖው ሳይዘጋጅ፣ መካኒኩ ሳይሠለጥን ከመጣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። የቀረው ንግግሬ ለምን እንዲህ እንደምል ማስረዳት ነው።

ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ እንደራሴዎች አስታወቁ። ከዚያ ቀደም ብሎም የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ ነበር፤ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ያለቀለት ሆኖ ለሚገባ 15 በመቶ ሆነ። የዚህ ቀረጥ ፍሬ ደብረ ብርሃን ላይ ይታያል፤ የበላይነህ ክንዴ የብረታ ብረት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ አውቶቡስና ሚኒባስ ይገጣጥማል። አዲስ አበባ ላይም እነዚህን ድምፃቸው የማይሰማ አውቶቡሶች አይታችኋል፤ ከመካከላችሁ የተሳፈራችሁባቸውም አላችሁ። ስለዚህ «ይምጣ ወይስ አይምጣ» የሚለው ክርክር አልፏል። የቀረው የትኛው መስመር ላይ ይሰማራ፣ ማን ይጠግነው፣ የት ይደር የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይልቅ ጠዋት ቶታል ላይ ለታክሲ የሚሰለፈው ሰው ያውቀዋል።

እስቲ ከከፍታችን እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በአማካይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮቻችን እንጦጦ ወጥተው የሚሠለጥኑት ሳንባቸው ስስ አየር እንዲለምድ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ግን ሥልጠና አይገባውም። ናፍጣ ለመንደድ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ካነሰ ወይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ወይ ናፍጣው በወጉ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ያረጀና ሰርቪሱ የተዘለለ ሞተር ግን ሁለቱንም ያሳያችኋል። ከጦር ኃይሎች ወደ 18 ማዞሪያ ስትወጡ ከፊታችሁ የሚያዘግም አውቶቡስ መንገዱን ሲያጠቁረው ሹፌሩን አትውቀሱት። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። ለእሱ የጂቡቲ ወደብና የእንጦጦ ጫፍ አንድ ናቸው። ይህ ብቻውን ለኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ምክንያቱም ብዙው የሚጻፈው በቆላና በባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው።

ሁለተኛው ያልዘመርንለት በረከት የአየር ጠባያችን ነው። አውሮፓ በክረምት፣ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ፣ አውቶቡሱን ለማሞቅ የሚሄደው ኃይል የባትሪውን ትልቅ ድርሻ ይበላል። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ ማቀዝቀዣው ይበላዋል። ባትሪውም ራሱ ከባድ ብርድም ከባድ ሙቀትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። እዚህ ግን ሌሊቱ ብርድ ቢሆንም ውኃ የሚያረጋ አይደለም፤ ቀኑም አያቃጥልም። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ሳይከፈት ዓመቱን ሙሉ መሥራት ይቻላል። መስኮት ከፍቶ መዝጋት ባትሪ አይበላም። መስኮቱ ይከፈት፣ አይከፈት፣ ብርድ መታኝ የሚለው የተሳፋሪ ክርክር ግን በኤሌክትሪክም አይፈታም።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። ከአየር ጤና ተነስቶ በቶታልና በጦር ኃይሎች በኩል ወደ መርካቶ የሚሄድ አውቶቡስን አስቡት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይወጣል፤ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይገባል። ለምሳ፣ ለሹፌር ቅያሬ፣ ተራ ለመጠበቅ የሚባክነውን ቀንሰን 13 ሰዓት ይሠራል እንበል። መጨናነቁን፣ ፌርማታውን፣ መብራቱን ጨምሮ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እናንተ «ዛሬ መንገዱ ጥሩ ነው» የምትሉት ቀን ነው። ሲባዛ በቀን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው የከተማ አውቶቡስ በኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 1.2 ብንይዝ ለቀኑ 192 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ባትሪው 280 ቢይዝ፣ ጫፍ እስኪሞላ ሞልቶ ጠብ እስኪል ማፍሰስ ስለማይመከር ከመቶው 80ውን እንጠቀም፤ 224 ይሆናል። 192 አውጥቶ 32 ይተርፈዋል። አንድ ሌሊት ቻርጅ ተደርጎ ቀኑን ሙሉ ይውላል ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሚያስቀን ነገር አለ። ለባትሪው የጠቀመው የምንረግመው የመንገድ መጨናነቅ ነው። አውቶቡሱ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ በቀን የሚሸፍነው ርቀት ትንሽ ነው፤ ቆሞ ሲጠብቅም ሞተሩ አይዞርም። የናፍጣው አውቶቡስ ግን ሰው ሲያወርድም፣ መብራት ሲጠብቅም፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመውም ሞተሩ አይጠፋም፤ ናፍጣ ይበላል።

ቀጥሎ ዳገቱን እንመዝን፤ ብዙ ሰው የሚጠራጠረው እሱን ነውና። «ይሄ ባትሪ የኛን ዳገት አይችለውም» ሲባል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ሒሳቡ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚሰጥ ነው። ሰው ጢም ብሎ የሞላ አውቶቡስ 17 ቶን ቢመዝን፣ 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብክነቱን ጨምሮ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከ280ው ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋናው ደስታ ግን ሲወርድ ነው። ከዊንጌት በኩል ወደ ጦር ኃይሎችና ወደ አየር ጤና መሬቱ ባብዛኛው ቁልቁል ነው። ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሲያነሳ አውቶቡሱ በራሱ ይይዛል፤ ተሳፋሪው ወደ ፊት ትንሽ ጎንበስ ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ከሚበላበት ወገን ወደ ሚሞላበት አረንጓዴ ወገን ይዞራል። ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኗል ማለት ነው፤ ዳገት ሲወጣ ካወጣው ጥሩ ድርሻውን ይመልሳል። የናፍጣው አውቶቡስ ያንኑ ቁልቁለት የሚወርደው የፍሬን ሸራ እየበላ፣ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ እየለቀቀ ነው፤ ያ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይበተናል። በኤሌክትሪክ አውቶቡስ የፍሬን ሸራ ብዙ ይቆያል። ጎማ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው በቶኖች የሚቆጠር ክብደት ስለሚጨምርና ሞተሩ ከመነሻው ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ፣ ሹፌሩ ፔዳሉን በናፍጣ ልማድ ከረገጠው ጎማውን ይልጠዋል። ስለዚህ ሹፌሩም እንደ መካኒኩ ሥልጠና ይፈልጋል።

እስካሁን የነገርኳችሁ መልካም መልካሙን ነው። አሁን ያንኑ ሒሳብ ወደ ሌላ ወገን ላዙረው። ባትሪ ያረጃል። ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ይይዘው ከነበረው 80 በመቶ ብቻ ይይዛል ብንል፣ 224 የነበረው ወደ 179 ይወርዳል። መስመሩ ግን አሁንም 192 ይጠይቃል። አውቶቡሱ ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ ቶታል ላይ ይቆማል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀትር ላይ፣ ተሳፋሪ በሚቀንስበት ሰዓት፣ በ60 ኪሎዋት ቻርጀር ለግማሽ ሰዓት መሰካት፤ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምርለታል፤ ይበቃዋል። ቀላል የሚሆነው ግን መስመሩ መጨረሻ ላይ ቻርጀር፣ መሬትና ትራንስፎርመር ከወዲሁ የታሰበ እንደሆነ ነው። ዛሬ አየር ጤና ላይ ለአውቶቡስ መዞሪያ የሚሆን ቦታ ያልተያዘ ከሆነ ከስምንት ዓመት በኋላ ፎቅ ቆሞበት ታገኙታላችሁ።

ሌላም ምሳሌ አለኝ። ከዊንጌት እስከ ጀሞ ራሱን የቻለ መንገድ ያለው ፈጣን የአውቶቡስ መስመር እንዲሠራ ለዓመታት ሲታቀድ ቆይቷል፤ የፈረንሳይ የልማት ድርጅትም በገንዘብ ድጋፍ አብሮ ሲሠራበት ነበር። መስመሩ ቢሠራና አውቶቡሱ በሰዓት 12 መሆኑ ቀርቶ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሁላችንም ደስ ይለናል። ባትሪው ግን አይደሰትም። በ13 ሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቅድም ያወጣነው ሒሳብ ፈረሰ። በአንድ ሌሊት ቻርጅ አይውልም። መንገዱን አንዱ መሥሪያ ቤት፣ አውቶቡሱን ሌላው፣ መብራቱን ሦስተኛው በየፊናቸው ካቀዱት፣ መንገድ በተሻሻለ ቁጥር አውቶቡሱ የሚሰንፍበት አገር እንሆናለን። መስመርና ባትሪ አብረው ይታቀዱ የምለው ለዚህ ነው።

ገንዘቡንስ? የናፍጣ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል። በቀን ለ160 ኪሎ ሜትር 72 ሊትር እንበል። ናፍጣ ዛሬ በሊትር ከ100 ብር ተሻግሯል፤ በ100 ብንይዘው እንኳ በቀን 7,200 ብር ነው። ለኤሌክትሪኩ የሚባክነውን ጨምረን 220 ኪሎዋት ሰዓት ይዘን፣ ዋጋውንም ከፍ አድርገን 10 ብር ብንገምተው 2,200 ብር ነው። በአንድ አውቶቡስ በቀን 5,000 ብር፣ በ300 የሥራ ቀን 1.5 ሚሊዮን ብር ልዩነት። ሃምሳ አውቶቡስ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ናፍጣ ያድናል። ይህ ናፍጣ የሚገዛው በዶላር ነው፤ መብራቱ ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው 5,150 ሜጋዋት ከሚያመነጨው የሕዳሴው ግድብና ከሌሎቹ ግድቦቻችን የሚመጣ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት እንዲህ ነው።

ነገር ግን በሬውን የምንገዛው አሁንም በዶላር ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ የመግዣ ዋጋ ከናፍጣው እጅግ ይበልጣል፤ እጥፍ ሊጠጋም ይችላል፤ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ አልነግራችሁም፤ ገበያ ትወጣላችሁ። ስለዚህ የቀን ወጪው ትንሽ መሆኑ ብቻ አያኮራም፤ አውቶቡሱ በየቀኑ ሠርቶ የመግዣውን ልዩነት መመለስ አለበት። የቆመ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ከቆመ የናፍጣ አውቶቡስ የበለጠ ኪሳራ ነው።

መቆምን ካነሳሁ ከዚህ ሰፈር ጫፍ ላይ ያለውን ምስክር መጥራት አለብኝ። አንዱ መስመሩ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የከተማችን ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እልልታው ሰማይ ነካ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ አብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። 41 ባቡሮች ነበሩ። ኤሌክትሪክ ነው፤ ጭስ የለውም፤ ዳገት ይወጣል፤ ዛሬ ስለ አውቶቡሱ የምንለው ሁሉ ያን ጊዜ ስለ ባቡሩ ተብሏል። ዓመታት ሳይቆጠሩ ከ41ዱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ሥራ አቆሙ። ሐዲዱ አለ፤ ሽቦው አለ፤ ጣቢያው ላይ ግን ሰው ተደራርቦ ይጠብቃል። ኤሌክትሪክ መሆኑ አልነበረም የጎዳው። ሲገዛ የአሥር ዓመት መለዋወጫ፣ የአሥር ዓመት ጥገና፣ የውጭ ምንዛሪ አብሮ አልታሰበም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለም? በናፍጣ አውቶቡሶቻችንም ያየነው ይኸው ነው። አንበሳ አውቶቡስ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ይህችን ከተማ ሲያገለግል ብዙ ዓይነት አውቶቡስ አስገብቷል፤ በየዘመኑ ዴፖ ውስጥ ቆመው የተረሱት መለዋወጫቸው ከገበያ የጠፋ ነበሩ። የኤሌክትሪኩ ልዩነት በጋራዥ መንገድ አለመፈታቱ ነው። የናፍጣ ፓምፕ ቢበላሽ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚያስተካክል ጎበዝ አይጠፋም። ስድስት መቶ ቮልት የሚይዝ ባትሪ ግን በልምድ አይነካም፤ ይገድላል።

ስለዚህ ዊንጌት ያለው የጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ለዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ምረቃ ሥነ ሥርዓት ይበልጣል እላለሁ። አጠገባችሁ ነው። አውቶቡስ ለመግዛት የሚፈረመው ውል ውስጥ ለዚያ ትምህርት ቤት አንድ ሙሉ የሥልጠና ባትሪ፣ አንድ ኢንቨርተር፣ አንድ መመርመሪያ መሣሪያና አስተማሪውን ለማሠልጠን የሚሆን ገንዘብ ቢካተት ወጪው ከአንድ አውቶቡስ ዋጋ አያልፍም። የሰፈራችሁ ልጆች የከተማው የመጀመሪያዎቹ የከፍተኛ ቮልቴጅ መካኒኮች ይሆኑ ነበር።

አሁን ሁላችሁም በሆዳችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሳው፤ መብራት ሲጠፋስ?

ሃምሳ አውቶቡስ የሚያድርበት ዴፖ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አንድ በአንድ ይገባሉ። ጠባቂው ሶኬቱን ያነሳል፤ ገመዱ የሰው አንጓ ያህላል፤ ሲሰካው ቀጭ ይልና የቻርጀሩ መብራት ቀለሙን ይለውጣል። ሃምሳዎቹ እንደገቡ በአንድ ጊዜ በ60 ኪሎዋት ቢሳቡ 3 ሜጋዋት ይጠይቃሉ፤ ያውም የቤቱ ሁሉ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት። የአካባቢው ትራንስፎርመር ያንን አይችልም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይጨልማል፤ በማግሥቱም ሕዝቡ አውቶቡሱን ይጠላዋል። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተራ በተራ ቢሞሉ ግን ያው ሥራ በ1.6 ሜጋዋት ያልቃል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ አገሩ ተኝቷል፤ ግድቡ ውስጥ የሚተርፍ ኃይል አለ። ለማነጻጸር ያህል፣ እዚሁ ረጲ፣ ቆሼ አጠገብ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ በ25 ሜጋዋት ነው የታቀደው። አገሪቱ ለዚህ የሚሆን ኃይል አላት። ችግራችን ከግድቡ እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ያረጀ ሽቦ፣ የተጨናነቀ ማከፋፈያ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋ መስመር። ዴፖ ከሁለት የተለያዩ ማከፋፈያ ጣቢያዎች መስመር ሳይገባለት አውቶቡስ አይግባበት። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት ሃምሳ አውቶቡስ ሲቀር አየር ጤና ላይ የሚፈጠረውን ሰልፍ አስባለሁ። ናፍጣ በበርሜል ይቀመጣል፤ መብራት ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀመጥም። በዚህ ነጥብ ናፍጣው ይበልጣል፤ መካድ አይገባም።

«ይሄ ሁሉ በወረቀት ነው፤ እኛን የሚመስል ከተማ የት ሠርቶታል?» ብትሉ ሼንዘንን አልጠራም። ሼንዘን እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ማብቂያ ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ አድርጋለች፤ ነገር ግን ባትሪውን የሚሠራው ራሱ ከተማው ውስጥ ነው፤ የመንግሥት ድጎማውም የኛ ዓይነት ኪስ የሚችለው አይደለም። የምጠራው ቦጎታን ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ 2,600 ሜትር ላይ፣ ከእኛም ከፍ ብላ ተቀምጣ፣ በተራራ ተከብባ፣ ድሃ ሰፈሮቿ ዳገት ላይ የተንጠለጠሉ ከተማ ናት። ዛሬ ከ1,400 በላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ይሠሩባታል። ቦጎታ ያደረገችው ብልሃት አለ፤ አውቶቡሱን የሚገዛውንና የሚያንቀሳቅሰውን ለየች። አንዱ ኩባንያ አውቶቡሱን ገዝቶ ለብዙ ዓመታት ያከራያል፤ ሌላው ሹፌር ቀጥሮ ያሰማራል፤ ዴፖውንና ቻርጀሩን የመብራት ኩባንያው ይሠራል። የየአንዱ ድርሻ በውል ስለተለየ ለምኑ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ጎረቤታችን ናይሮቢም በትንሹ ተመሳሳይ ነገር ሞክራለች፤ ባሲጎ የሚባለው ኩባንያ ማታቱ ለሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች ባለቤቶች አውቶቡሱን ከባትሪው ለይቶ ይሸጣል፤ ለባትሪውና ለቻርጁ የሚከፈለው በተሄደው ኪሎ ሜትር ልክ ነው። አንዲት ሚኒባስ በዕቁብና በብድር የገዛ የኮልፌ ታክሲ ባለቤት ቢሰማው የሚገባው ሒሳብ ነው።

ሁሉም መስመር ግን ይሆናል አላልኩም። ከካራ ቆሬ ተነስቶ ወደ ዓለም ገናና ሰበታ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ አውቶቡስ ርቀቱ ይበዛል፤ እዚያ ቀትር ላይ የሚሞላበት ቦታ እስኪኖር ናፍጣው ይቆይ። ወይራ ሰፈርና ሎሚ ሜዳ ውስጥ ለውስጥ፣ ኮብልስቶኑ በተነሳበትና ክረምት ላይ ጎርፍ በሚያቋርጠው መንገድ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ 12 ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ ማስገባት በቶኖች የሚመዝን ባትሪን በድንጋይ ማስገጨት ነው፤ ለዚያ ትንሿ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ትሻላለች። ጅማ በር ወጥቶ ወልቂጤ ለሚሄደው ደግሞ ጨርሶ አላወራም።

በአንጻሩ አንድ መስመር አለ፣ እኔ ቢሆን ከሁሉ በፊት እሱን እጀምር ነበር። ቀላል ባቡሩ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሕዝብ፣ ቶታል፣ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፣ ካራ ቆሬ፣ ባቡሩ የሄደበትን አያውቅም። ጦር ኃይሎች ድረስ ግን የባቡሩ የኤሌክትሪክ መስመር ደርሷል፤ 750 ቮልት ዳይሬክት ከረንት የሚሰጡ ጣቢያዎች አሉት፤ እነዚህም የተሠሩት ዛሬ ከሚሄዱት በላይ ለሆኑ ባቡሮች ነው። በዚህ ኃይል ጦር ኃይሎች ላይ አውቶቡስ የሚሞላበት ጣቢያ መሥራት ይቻል እንደሆነ መሐንዲሶቹ ያጥኑት። ከተቻለ አየር ጤና ወርዶ የተመለሰ አውቶቡስ ተሳፋሪ እስኪጭን አሥር ደቂቃ ይሞላል፤ የባትሪው መጠን ራሱ ሊያንስ ይችላል፤ ባትሪ ሲያንስ ዋጋም ክብደትም ይቀንሳል። ለባቡሩ ያወጣነው ገንዘብ ለምዕራቡ ሕዝብ የሚተርፍበት አንዱ መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የማይሆን ከሆነም ለምን እንደማይሆን በወረቀት ይነገረን።

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ተገዛ ሲባል ስንት ተገዛ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቁጥሩን ራሳቸው በደስታ ይነግሯችኋል። ዛሬ ጠዋት ከዴፖ ስንት ወጣ፣ ስንት ቆሞ ቀረ፣ የቆመው በምን ቆመ ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ቁጥር በየወሩ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አሳቡን አቅርቡ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። የከተማው ትራንስፖርት ቢሮም የአየር ጤናና የጦር ኃይሎችን መስመር ለአንድ ዓመት በአሥር አውቶቡስ ብቻ ይሞክረው፤ የበላውን መብራት፣ ያለቀውን ጎማ፣ የጠፋበትን ቀን መዝግቦ ለሕዝብ ያቅርብ፤ ሃምሳውን ከዚያ በኋላ ይግዛ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።